ጀንበር ስትጠልቅ ፊታችን እንዳይጠፋ

ጎንደር ወይም ትግራይ ስታድጉ ጀንበር የምትጠልቀው ከተራራ ጀርባ ነበር። ከብቱ ወደ በረት ሲገባ፣ ውኃ የቀዱት ሴቶች ሲመለሱ፣ ፀሐይ ጋራውን ተሻግራ ትሄዳለች፤ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። እዚህ እስራኤል ግን ፀሐይ ባሕር ውስጥ ነው የምትገባው። መጀመሪያ ቢጫ ትሆናለች፣ ከዚያ ብርቱካን ትመስላለች፣ በመጨረሻ እንደ ፍም ቀልታ ውኃው ላይ ትቀመጣለች። የታችኛው ጠርዟ ውኃውን ከነካ በኋላ ጨርሳ እስክትሰወር ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው። ያየ ሰው አይጠግበውም።

ታዲያ በበጋ ማታ ናታንያ፣ አሽዶድ ወይም አሽቀሎን ባሕር ዳር ብትወርዱ ወገኖቻችን በየቦታው ቆመዋል። "እማዬ፣ እዚህ ቁሚ! አባዬ፣ ጠጋ በል!" ይባላል። ስልክ ይወጣል፤ ጠቅ ይላል። ቤት ገብተው ፎቶውን ሲያዩት ሰማዩ እሳት፣ ባሕሩ ወርቅ ይመስላል። ሰዎቹ ግን የሉም። ቅርጻቸው አለ፤ ነጠላውም ይታያል። ዓይን የለም፣ ፈገግታ የለም፣ የአንገት ንቅሳት የለም። የልጅ ልጅ ፎቶውን ይዞ "ይቺ አያቴ ናት ወይስ አክስቴ?" ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን አስቡት፤ በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ ሰው አልበም ተሸክሞ አልመጣም። ብዙዎቻችን የእናታችንን ወይም የአባታችንን የወጣትነት ፎቶ የለንም። ፊታቸውን የምናውቀው በልባችን ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ለልጅ ልጅ ማውረስ አይቻልም። አሁን ስልክ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ባለበት ዘመን የእናንተም ፊት ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ከቀረ ያሳዝናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፍላሽ ማብራት ነው። "ፀሐይ እያለች ፍላሽ ምን ያደርጋል?" ትሉ ይሆናል። ኑ፣ ባሕር ዳር ይዘናችሁ እንሂድና እዚያው እናሳያችሁ።

ናታንያ፦ ገደሉና ባሕሩ

ናታንያን ያስቀደምነው በምክንያት ነው። ከተማዋ በ1929 የተመሠረተች ስትሆን ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ይኖሩባታል። ለምሽት ፎቶ የሚመች አቀማመጥም አላት። የከተማዋ ዳር ገደል ነው፤ ኩርካር በሚባለው ቢጫማ የባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወደ ምዕራብ ታያለች። ከኪካር ሃዓጽማኡት፣ ማለትም ከነጻነት አደባባይ ተነስታችሁ ወደ ባሕሩ ትንሽ ስትራመዱ ጣየለት የምንለው የእግር መንገድ ላይ ትደርሳላችሁ። አግዳሚ ወንበር አለ፣ አበባ አለ፣ የባሕር ነፋስ አለ። ጉልበታችሁን የሚያምማችሁም አትስጉ፤ ከገደሉ አናት ወደ ሲሮኒት ባሕር ዳር የሚያወርድ የመስታወት አሳንሰር አለ።

እዚህ ሁለት ዓይነት ፎቶ ማንሳት ይቻላል። አንዱ ከላይ፣ ከመንገዱ ላይ ነው። ሰዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወይም መከላከያውን ደገፍ ብለው ሲቆሙ ባሕሩ ከኋላቸው ሰፊ ሆኖ ይዘረጋል። ሽማግሌዎች ላሉበት ቤተሰብ ይሄ ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ፣ የሚንቀሳቀሰው ፎቶ አንሺው ይሁን። ሁለተኛው ከታች፣ አሸዋው ላይ ነው። ማዕበሉ ሲመለስ እርጥቡ አሸዋ እንደ መስታወት ሆኖ የሰማዩን ቀለም ይይዛል። ልጆች እዚያ ሲሯሯጡ ፎቶው ያምራል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ለፎቶ ብሎ ከመከላከያው አጥር ማዶ መሻገር አይገባም። ኩርካር የሚፈረካከስ ድንጋይ ነው፤ የገደሉ ጠርዝ ከዓመት ዓመት እየተናደ ነው። ማስጠንቀቂያው ለይስሙላ አልተለጠፈም። ወጣቶቹ "አንድ ጊዜ ብቻ" ሲሉ እናንተ እምቢ በሉ።

መቼ እንድረስ?

በአገር ቤት ጀንበር የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም ነበር፤ ጎንደር ላይ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። እዚህ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእስራኤል ሰዓት 19፡50 ገደማ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ 16፡35 ገደማ ይሆናል። በክረምት ከሥራ ወጥቶ የሚመጣ ሰው አይደርስባትም ማለት ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የቀኑን ሰዓት ልጆች ስልክ ላይ እንዲያዩላችሁ አድርጉ።

ስትሄዱ ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ቀድሞ የደረሰ ሰው ልብሱን ያስተካክላል፣ ቦታውን ይመርጣል፣ አንድ ሁለት ፎቶ ይሞክራል። ፀሐይዋ ከገባች በኋላም ቶሎ አትሂዱ። ሰማዩ ሮዝ ከዚያም ሐምራዊ የሚሆነው ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ባሉት አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ብዙ ሰው መኪናውን ሊያስነሳ ሲሯሯጥ ጥሩው ፎቶ የሚገኘው ያኔ ነው። ብርሃኑ ስለሚለሰልስ ዓይን አያስጨፍንም፤ የፍላሹም ትንሽ ብርሃን በደንብ ይታያል።

ካሜራው ለምን ያጨልመናል?

የሰው ዓይን ብልህ ነው። ከልጃችሁ ጋር ፀሐይን ከኋላው አድርጋችሁ ስታወሩ ፊቱም ሰማዩም ይታያችኋል። ካሜራ ግን እንደዚያ አይችልም። ሁሉንም ብርሃን ደምሮ ያካፍልና "እዚህ ብዙ ብርሃን አለ" ብሎ ያስባል፤ ሰማዩ እንዳይነጣበት ብሎ ሙሉውን ፎቶ ያጨልማል። ከሰማዩ ጋር ፊታችሁም አብሮ ይጨልማል። ካሜራው ለፊት እንዲያስብ ብታዙት ደግሞ ፊቱን ያበራና ሰማዩን ያነጣዋል፤ ያ ሁሉ ቀለም ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት የሚቻለው ፊቱ ላይ የራሱ ብርሃን ሲያርፍበት ነው።

ይህ ነገር በማንም ሰው ላይ ይደርሳል። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ላይ ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ጠቆር ያለ ቆዳ የሚመልሰው ብርሃን ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ሌላም ታሪክ አለ። የፎቶ ፊልምና ማተሚያ ሲሠራ የታሰበው ለእኛ አልነበረም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው ማመሳከሪያ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም "ሸርሊ ካርድ" ይባል ነበር። የእሷ ፊት ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባላል። የጠቆረ ሰው ፊት ጭቃ መስሎ ቢወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ኋላ ላይ ፊልሙ ቡናማ ቀለምን በደንብ እንዲያሳይ የገፋፉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሻጮች ናቸው ይባላል፤ ዕቃቸው በማስታወቂያ ላይ ደብዝዞ ስለወጣባቸው ነው። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። በቅርቡም በ2021 ጉግል የስልኩን ካሜራ ጠቆር ያለ ፊትን በትክክል እንዲያሳይ አድርጎ እንደ አዲስ ነገር አቅርቦታል። እንግዲህ የድሮ የሠርግ አልበማችሁ ውስጥ ፊታችሁ ደብዝዞ ከወጣ ጥፋቱ የፊታችሁ አልነበረም።

ስለ ፍላሽ አንድ መራራ ታሪክም እንጨምር። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሮች ያለ ማለፊያ ደብተር መንቀሳቀስ አይፈቀድላቸውም ነበር። ለዚያ ደብተር ፎቶ ይነሱበት ከነበሩት ካሜራዎች አንዱ የፖላሮይድ አይ.ዲ.-2 ነው፤ ከኋላው የፍላሹን ኃይል የሚጨምር ቁልፍ ነበረው። በ1970 አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ጥቁር የፖላሮይድ ሠራተኞች ይህን ተቃውመው ተነሱ፤ ኩባንያው በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ወጣ። ያው የፍላሽ ብርሃን እዚያ ሰውን ለመቆጣጠር ዋለ። እኛ ግን የእናታችንን ፊት ለልጆቻችን ለማቆየት ልንጠቀምበት እንችላለን።

ፍላሹ የሚሠራው ሥራ

ፍላሽ ሩቅ አይደርስም። ምስጢሩም ይሄው ነው። ባሕሩና ሰማዩ በጣም ሩቅ ስለሆኑ ፍላሹ አይነካቸውም፤ ቀለማቸው እንዳለ ይቀራል። ቅርብ ያለውን ፊት ብቻ ያበራል። እንግዲህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል፦ ሰማዩን ካሜራው ይያዝ፣ ፊቱን ፍላሹ ይያዝ።

ርቀቱን ግን ልብ በሉ። ከፍላሹ አንድ ሜትር ላይ የቆመ ሰው ከሚያገኘው ብርሃን ሁለት ሜትር ላይ ያለው ሰው ሩቡን ብቻ ያገኛል። ሦስት ሜትር ላይ ያለው ደግሞ ከዘጠኝ አንድ ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ በሦስት መደዳ ተደርድሮ ከሆነ ፊት ያሉት ልጆች ይነጣሉ፣ ኋላ ያሉት አጎቶች ይጨልማሉ። መፍትሔው ሁሉም በአንድ መደዳ ጎን ለጎን ወይም በትንሹ ጎበጥ ብለው እንደ ግማሽ ክብ እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ካለም ሃያውን ሰው በአንድ ጊዜ ከማጨናነቅ ይልቅ በቤት በቤቱ ተከፋፍሎ መነሳት ይሻላል።

በእጃችሁ ባለው ስልክ

አብዛኞቻችን የምናነሳው በስልክ ነው። በስልክ ሲሆን እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ የፍላሹን ምልክት፣ ማለትም የመብረቅ ቅርጽ ያላትን፣ ንኩ። ሦስት ምርጫ አለ፦ ራሱ ይወስን፣ ይብራ፣ ይጥፋ። "ራሱ ይወስን" ላይ ከተተወ ስልኩ ሰማዩን አይቶ "ብርሃን አለ" ይልና ፍላሹን አያበራም። ስለዚህ "ይብራ" የሚለውን ምረጡ። ልጆቹን ስታዟቸውም አትቸገሩም፤ በዕብራይስጥም ፍላሽ ሲሉት ይገባቸዋል።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ላይ ከፀሐይዋ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰማዩን በጣት ተጭናችሁ ያዙ። ብዙ ስልኮች ብርሃኑን እዚያው ይቆልፉታል። ከዚያ ትንሿን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳብ ስታደርጓት ሰማዩ ይደምቃል። ፊቱ አሁን ይጨልማል፤ አትደንግጡ፣ ፍላሹ ያበራዋል።

ሦስተኛ፣ ቀረብ በሉ። የስልክ ፍላሽ ትንሽ መብራት ናት፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ ከራቃችሁ አትጠቅምም። ሁለት ሰው ከወገብ በላይ ለማንሳት ይህ ርቀት ይበቃል።

አራተኛ፣ ፍላሹ ከደከመ ሌላ ስልክ እርዳታ ይምጣ። አንድ ልጅ ከፎቶ አንሺው ጎን ቆሞ የስልኩን ባትሪ፣ እዚህ ፓናስ የሚሉትን መብራት፣ በፊት ከፍታ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያብራ። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ፊቱ ዝርግ አይሆንም፤ አፍንጫና ጉንጭ ቅርጻቸውን ይይዛሉ። እንዲያውም ከፍላሹ ይልቅ ይሄ የሚያምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

በስልኩ ውስጥ ቆዳን የሚያለሰልስና የሚያነጣ "ማሳመሪያ" ካለ አጥፉት። ፍላሽ የምናበራው ነጭ ለመምሰል አይደለም። ጠይሙ ጠይም፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ ይታይ። የተፈለገው ፊታችን እንዲታይ ነው፤ ሌላ ፊት እንዲሰጠን አይደለም።

ትልቅ ካሜራ ያለው ልጅ ካላችሁ

ከልጆቻችሁ መካከል ትልቅ ካሜራ ያለው ካለ ይህን አንብቡለት። መጀመሪያ ፍላሹን ሳያበራ ሰማዩን ብቻ ይሞክር። አይ.ኤስ.ኦ 100 ወይም 200፣ ፍጥነቱ ከ1/125 እስከ 1/200 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ላይ አድርጎ ይጀምር። ሰማዩ በዓይን ከሚታየው ትንሽ ጠቆር ብሎ ሲወጣ ትክክል ነው። ከዚያ ፍላሹን ያብራና የፍላሹን ኃይል ብቻ ከፍ ዝቅ እያደረገ ፊቱን ያስተካክል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ፍላሽ በርቶ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ በላይ ከተፈጠነ የፎቶው አንድ ክፍል ጠቁሮ ይቀራል፤ ይሄን ይወቅ። ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ግን ሰማዩ እንዲያዝ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እስከ 1/30 ድረስ ዝቅ ያድርግ፤ እናንተም ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጋችሁ ቁሙ።

የፍላሽ ብርሃን ነጭ ነው፤ የጀንበር ብርሃን ደግሞ ወርቃማ። ሁለቱ አይስማሙም፤ ፊቱ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ፎቶ አንሺዎች ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ስስ ላስቲክ ይለጥፋሉ። እናንተም ብርሃን የሚያሳልፍ ብርቱካናማ የከረሜላ ወረቀት ብታገኙ የስልኩ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። ሥራውን ይሠራል።

አደራ ደግሞ፣ ማንም ቢሆን ፀሐይዋን በትልቁ ካሜራ ማያ ቀዳዳ በኩል አተኩሮ አይመልከት። ሌንስ ፀሐይን ይሰበስባል፤ ዓይን ይጎዳል።

ነጩ ቀሚስና ጠይሙ ፊት

የኛ ሰው ለፎቶ ሲዘጋጅ ነጭ ይለብሳል። ቀሚሱ ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ የአባቶች ጋቢ ነጭ። ፍላሹ ሲበራ ነጩ ልብስ ብርሃኑን ሁሉ ይመልሳል፤ ካሜራው "በቃ፣ በዛ" ብሎ ይቀንሳል፤ ፊቱ ይጎድልበታል። ወይም ደግሞ ፊቱ ሲስተካከል ጥበቡ ነጥቶ ጥለቱ ይጠፋል። ያን ያህል የተደከመበት ጥለት ሳይታይ ሲቀር ያስቆጫል።

ይህን ለማቃለል ፍላሹ ወይም ባትሪው ከፊት ከፍታ ይምጣ፤ ከታች ከደረት በኩል አይምጣ። ነጠላውን ከፊት ወደ ትከሻ መለስ አድርጉት። ግንባራችሁን በሶፍት አበስ አድርጉ፤ ላብና ቅባት በፍላሽ ሲመታ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። መነጽር ያደረገ ሰው አገጩን ትንሽ ዝቅ ካደረገ መስታወቱ አያንጸባርቅም። ፍላሹ ከበረታ አንድ ንብርብር ነጭ ሶፍት ከፊቱ ማድረግ ያለሰልሰዋል።

ነጩ ልብስ ግን የሚረዳበትም ጊዜ አለ። ፀሐይዋ ገና ሳትገባ ከፎቶ አንሺው ጎን ሁለት ሰዎች ጋቢ ዘርግተው ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ቢይዙት፣ ከሰዎቹ ኋላ የሚመጣው ብርሃን ጋቢው ላይ ነጥሮ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ፍላሽም አያስፈልግም። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ሥራ ልዩ ዕቃ ይገዛሉ፤ እኛ ግን ከቤት ይዘነው መጥተናል።

ሽማግሌ ሰው ፍላሽ ሲበራ ዓይኑን ይጨፍናል። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብሎ መቁጠር፣ ሁለት ሦስቴም ማንሳት ጥሩ ነው። ፍላሽ ዓይኑን የሚያስቸግረው ሰው ካለም አታስገድዱት፤ ለእሱ ጋቢው ይበቃዋል።

ሌላ ወዴት እንሂድ?

ያፎ። ለሠርግ ሙሽሮች የሚወሰዱባት ያፎ ዝናዋ በከንቱ አይደለም። አሮጌው ከተማ ኮረብታ ላይ ነው፤ ወደቡ ከሥሩ፤ ወደ ምዕራብ ባሕሩ ክፍት ነው። እዚያ ያለው ጥቅም ድንጋዩ ነው። ወደ ባሕር የሚያዩት ቢጫማ ግንቦች የማታ ፀሐይ ስታርፍባቸው ይሞቃሉ፤ ብርሃኑንም ይመልሳሉ። ፎቶ አንሺው ጀርባውን ለግንብ ሰጥቶ ቢቆምና ሙሽሮቹ ወደ እሱ ቢያዩ ግንቡ ራሱ ፊታቸውን ያበራል፤ ፍላሹ የሚጨምረው ትንሽ ብቻ ነው። አንድ ምክር ለሙሽራ ወላጆች፦ ፎቶ አንሺ ስትቀጥሩ የጀንበር ፎቶዎቹን ጠይቁ፤ የጠቆረ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች እንዴት እንዳነሳ እዩ። የሚያምር ሰማይ ብቻ ካሳያችሁ ሌላ ፈልጉ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

ኪኔሬት። የጣናን ባሕር ያየ ሰው ኪኔሬትን ሲያይ ትንሽ ሊመስለው ይችላል፤ ጣና በስፋት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን ማታ ማታ ልብ ይወስዳል። ፀሐይ የምትጠልቀው በጥብርያዶስ በኩል ስለሆነ መቆም ያለባችሁ በምሥራቁ ዳር፣ በዔን ጌቭ በኩል ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዙሪያው ተራራ ነው። ፀሐይዋም በሰዓቱ ከተጻፈው ቀድማ ከተራራው ጀርባ ትሰወራለች። ስለዚህ ወደዚያ ስትሄዱ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አገር ቤት የለመዳችሁት ጀንበር፣ ከተራራ ጀርባ የምትገባው፣ እዚህ ትገኛለች።

ያም ሃሜላሕ፣ የጨው ባሕር። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ የምትጠልቀው ከኋላችሁ፣ በይሁዳ ተራሮች በኩል ነው። እናንተ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ማዶ ያሉት የሞአብ ተራሮች ገና በፀሐይ ሮዝ ይሆናሉ። ሰዎቹ ተራሮቹን ከኋላቸው አድርገው ሲቆሙ የምዕራቡ ሰማይ ለስላሳ ብርሃን ፊታቸው ላይ ነው። ፍላሹን አጥፉት፤ አያስፈልግም። ፍላሽ መቼ እንደሚበራ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚጠፋም ማወቅ ሙያ ነው።

ኢየሩሳሌም፣ በስግድ ቀን

በኅሽቫን 29 ቀን፣ ስግድ ላይ፣ ብዙዎቻችሁ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ትወጣላችሁ። ክኔሴት በ2008 በሕግ የአገር በዓል ካደረገው ወዲህ ፎቶ አንሺው በዝቷል። ከዚያ ከፍታ ላይ አሮጌው ከተማ ፊት ለፊት ይታያል። ወሩ የመኸር መጨረሻ ስለሆነ ፀሐይ ቀድማ ትጠልቃለች፤ ከ16፡30 በኋላ ብዙም አትቆይም። ጾሙ ተፈትቶ፣ ሰዉ ዳቦውን ቆርሶ አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው ወርቃማው ብርሃን የሚመጣው።

ስግድ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ ጥላው። ቄሶቻችን ባለቀለም ጥላ ሥር ይቆማሉ። እኩለ ቀንም ቢሆን ከጥላው ሥር ያለው ፊት ጨለማ ነው፣ ዙሪያው ብርሃን። ልክ እንደ ጀንበር ፎቶ ማለት ነው። ቀን በቀን ፍላሽ ያበራ ሰው የቄሱን ፊትም የጥላውንም ቀለም አንድ ላይ ያገኛል። ግን በጸሎት መካከል ፍላሽ አይበራም። ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "አባቶቼ፣ ላንሳችሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። እሺ ካሉ ማንሳት፤ እምቢ ካሉ ባርከውን እንሂድ። ይህን ለልጆች ማስተማር የእናንተ ድርሻ ነው።

የማይነሳው ጀንበር

ዓርብ ማታም ጀንበር ትጠልቃለች። ያን ጊዜ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሰንበት ገብታለች። አባቶቻችን ሰንበትን ሲጠብቁ ሰዓት አልነበራቸውም፤ ጀንበሯን ነበር የሚያዩት። የዓርብ ጀንበር በዓይን ብቻ ትታያለች፤ ለፎቶ ከእሑድ እስከ ሐሙስ አምስት ማታ አለ፤ ይበቃል።

የተነሱትንም ፎቶዎች ስልክ ውስጥ አትተዋቸው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይቀየራል። ከመቶው አምስቱን መርጣችሁ አሳትሙ። ከኋላው ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉ፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይሁን፤ የልጅ ልጆቻችሁ አማርኛውን ላያነቡት ይችላሉና። "አያታችን፣ ናታንያ፣ ባሕር ዳር" ብሎ የጻፈ ሰው ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ፊታቸው ያልታየ የጀንበር ፎቶም አይጣል፤ ቅርጹም የራሱ ውበት አለው። ግን ከእሱ ጎን አንድ ፍላሽ የበራበት ፎቶ ይኑር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አልበሙን የሚገልጥ ልጅ "አያቴ እንዲህ ትስቅ ነበር" ማለት እንዲችል ነው። የሚመጣው ሳምንት ሰማዩ ጥርት ካለ ወደ ባሕር ውረዱ፤ ነጠላችሁን አትርሱ፣ ፍላሹንም "ይብራ" ላይ አድርጉት። መልካም ምሽት ይሁንላችሁ።